ያልተነካ ቀለም

ኤልዊን ክራትከ በሕይወቱ ሙሉ ማንንም ምንም ነገር አልለመነም። ይህን የምለው ለማመስገን አይደለም። እዚህ በምዕራብ ካንሳስ ይህ እንደ ትልቅ ሙያ ይቆጠራል፤ ፓስተሩ በቀብር ላይ ስለ ሟቹ የሚናገረው ሲጠፋው «ማንንም አላስቸገረም» ይላል፣ እኛም አንገታችንን እየነቀነቅን እንሰማለን። እኔ ግን እስከ ዛሬ እበግናለሁ። ኤልዊን አንድ ቀን እንኳ አፉን ከፍቶ «ተቸግሬያለሁ» ብሎን ቢሆን ኖሮ ሚስቱ አርዲስ እንደዚያ ሆና አትሞትም ነበር።

ከእነሱ ጋር ጎረቤታሞች ነበርን። ከእኛ ቤት ደጃፍ ቆሞ የእነሱን መጋዘን ጣሪያ ማየት ይቻላል፤ በመካከላችን ስንዴ እንጂ ሌላ ነገር የለም። ባሌ ጌለን ከእርሻው ጎን ለጎን የሰፈሩን ትራክተርና ኮምባይነር የሚጠግን፣ እጁ ወርቅ የሆነ፣ አንዴ ልቡ ያሰበውን ነገር ግን ፈጣሪም የማያስጥለው ሰው ነበር። ኤልዊን ከእሱ ትንሽ ይበልጠዋል። ረጅም፣ ከሲታ፣ ሲናገር ቃላቱን ከኪሱ አውጥቶ የሚከፍል የሚመስል ሰው ነበር።

ኤልዊን አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ነበረችው፤ የገዛት አባቱ ነው። የሃምሳ ሰባት ሞዴል ሼቭሮሌ፣ በአራቱም እግሯ የምትስብ፣ ፈዛዛ አረንጓዴ ቀለም ያላት መኪና ነበረች። ኤልዊንና አርዲስ ልጃቸውን ዱዌንን የወለዱ ጊዜ አርዲስ ነጭ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ይዛ በሁለቱም በሮች ላይ «ክራትከ እና ልጅ» ብላ በእጇ ጻፈችባት። ፊደሎቹ ትንሽ ወደ ላይ ያዘነበሉ ነበሩ፤ ኤልዊን ስድስት ወር ሙሉ «ሽቅብ የሚወጣ ጽሑፍ» እያለ እንደቀለደባት አስታውሳለሁ።

ዱዌን ሁለተኛ ደረጃን በጨረሰበት በጋ የረጋ እህል ሊያላቅቅ ብረት ጎተራው ውስጥ ገባ። ስንዴው ከሥሩ ተናደና ዋጠው። ጎተራውን በመቁረጫ ቀደው ካወጡት ሰዎች አንዱ ጌለን ነበር። ልጁን አቅፎ ያወጣው እሱ ነው፤ ከዚያ በኋላ ዓመት ሙሉ እንቅልፍ አልነበረውም። ኤልዊን ደግሞ ከቀብሩ ማግስት ፒክአፗን መጋዘኑ መጨረሻ ላይ አቁሞ ሸራ አለበሳት። ከዚያ ወዲያ ሲነዳት ያየ ሰው የለም።

ባንኮች ገበሬውን አንገቱን ባነቁት ጊዜ የኤልዊን መሬት ሄደ። የቀረው ቤቱና መጋዘኑ ብቻ ነበር። በከተማው እህል ጎተራ ድርጅት መዛኝ ሆኖ ተቀጥሮ እስኪያረጅ ሠራ። ከዚያ የአርዲስ አእምሮ መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ ስም ነበር የሚጠፋባት፣ ቀጥሎ ቀኑ፣ በኋላም ራሷ። በበረዶ መካከል በሌሊት ልብሷ መንገድ ዳር ቆማ የተገኘች ዕለት ነው ኤልዊን እጁን የሰጠው፤ በከተማችን ወዳለው የአረጋውያን ቤት አስገባት።

ያ ቤት የሚቀበለው የሚከፍል ሰው ነው። መክፈል ያልቻለውን መንግሥት የሚከፍልለት ሌላ ቤት አለ፤ እሱ ግን ከእኛ አምስት ሰዓት በመኪና፣ በግዛቱ ምሥራቅ ጫፍ ነው። ኤልዊን ከዚህ የበለጠ የሚፈራው ነገር አልነበረም። ምክንያቱም አርዲስ የምትበላው ከእሱ እጅ ብቻ ነበር። ነርሷ ማንኪያ ስታመጣ ጥርሷን ትነክሳለች፤ ኤልዊን ሲያመጣ እንደ ወፍ ጫጩት አፏን ትከፍታለች። በየቀኑ እኩለ ቀን ላይ ባርኔጣውን አውልቆ ከጎኗ ይቀመጣል፣ የድንቹን ገንፎ ያበላታል፣ አፏን ይጠርግላታል፣ ይሄዳል። ያጠራቀሙት ገንዘብ እየተንጠፈጠፈ መሆኑን ለማንም አልተነፈሰም።

ሃስኬል የሚባል ሰውዬ የመጣው በዚህ መሃል ነው። አሮጌ ፒክአፕ የሚሰበስብ የኮሎራዶ ሰው ነበር፤ ስለ መኪናዋ ከአንድ ዘር ሻጭ ሰምቶ ነው የመጣው። ይህን ሁሉ እኔ ያወቅሁት በኋላ ነው። ሸራውን ገልጦ በባትሪ መብራት ከሥር እስከ ላይ ፈተሻት፤ በላሜራው ላይ ትንሽ ማግኔት እያስጠጋ ጉድጓድ የሚሞላበት፣ ማግኔት የማይዘው ስቱኮ የተለጠፈበት ቦታ እንዳለ ፈለገ። ምንም አልነበረም። ከዚያ በሩ ላይ ያለውን የአርዲስን ጽሑፍ ጎንበስ ብሎ አነበበ። ለኤልዊን ያስረዳው እንዲህ ብሎ ነው፦ መኪና ማደስ ገንዘብ ያለው ሁሉ ይችላል፣ ከፋብሪካ ወጥቶ ማንም ያልነካው ቀለም ግን አንዴ ከተነካ ዓለም ቢሰበሰብ አይመልሰውም። ያ የእጅ ጽሑፍ ደግሞ ለብቻው ዋጋ አለው። ስድሳ ሺህ ዶላር እሰጥሃለሁ አለው። አቧራውን እንኳ እንዳትጠርገው ብሎም አስጠነቀቀው።

ስድሳ ሺህ ዶላር ለአርዲስ የአንድ ዓመት ክፍያ ነው። ሐኪሙ ከዚያ ብዙ እንደማትቆይ ተናግሮ ነበርና ለኤልዊን ይህ ገንዘብ እስከ መጨረሻው ድረስ ከጎኗ መቀመጥ ማለት ነበር። ተጨባበጡ። ሃስኬል ገንዘቡንና ተሳቢውን ይዞ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሊመለስ ተስማሙ። ኤልዊን ለሰው አልተናገረም። የሞተ ልጁ መታሰቢያ የሆነችውን መኪና መሸጡን መናገር ማለት ለምን እንደሸጠ መናገር ነው፤ እሱን ደግሞ ክራትከዎች አያደርጉትም።

ከዚያ ሳምንት ሳይሞላ በአረጋውያኑ ቤት በር ላይ በረዶ አንሸራቶት ዳሌው ተሰበረ። ዊቺታ ወስደው ቀዶ ጥገና አደረጉለት፤ ጸደዩ እስኪያልቅ እዚያው መራመድ ሲለማመድ ከረመ። ሃስኬል ደውሎ እስክትድን እጠብቃለሁ ብሎታል።

እኛ ሴቶቹ አርዲስን ለማብላት ተራ ገባን። ተራዬ ሲደርስ ስሄድ ከላይ እስከ ታች ትቃኘኛለች።

«አንቺን ማን ቀጠረሽ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ኤልዊን ነው የላከኝ። እስኪ አንዴ ጉረሽልኝ።»

«እሱማ ራሱ ይመጣል» አለችና አፏን ገጠመችው። በለመንኳት ቁጥር ከንፈሯን ይበልጥ ታጠብቀዋለች። ሚያዝያ ሲያልቅ የእጇ አጥንት ይቆጠር ነበር።

ወንዶቹ በበኩላቸው ተጨነቁ። በእኛ አገር ሰው ሲታመም ጎረቤቱ አበባ ይዞ አይሄድም። ኮምባይነሩን አስነስቶ ይሄዳል። አንድ ገበሬ ሆስፒታል ከገባ ሰፈሩ በሙሉ ማሳው ላይ ወጥቶ ስንዴውን በአንድ ቀን አጭዶለት ይመለሳል፤ ስለ ጉዳዩ ከዚያ ወዲያ ቃል አይወጣም። ኤልዊን ግን የሚታጨድለት ስንዴ አልነበረውም። ይህ ነገር ወንዶቹን ከነከናቸው። በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ቆመው ጫማቸውን እያዩ «ምን እናድርግለት?» ይባባሉ ነበር። አንድም ሰው ኤልዊንን ራሱን ደውሎ ለመጠየቅ አላሰበም። መጠየቅ ነውር ነው፤ ቢጠይቁትም «ምንም» ነበር የሚላቸው።

ጌለን የኤልዊን ቤት ቧንቧ እንዳይፈነዳ ሊያይ ሄዶ ሳለ ሸራውን ገለጠ። ወደ ቤት ሲመለስ ዓይኑ በርቶ ነበር።

«ያቺ መኪና ዝጋ ልታልቅ ነው» አለኝ። «የሚታጨድ ስንዴ ባይኖረው መኪና አለው።»

ጸደዩን ሙሉ፣ ቅዳሜ ቅዳሜና ከሥራ መልስ፣ የጌለን ጋራዥ በወንድ ተሞላ። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት እስከ ብረቱ ድረስ ፋቁት፣ የጎደጎደውን በስቱኮ ሞሉት። አሮጌው ሞተር ክረምት ላይ ያስቸግረዋል ብለው ከተገለበጠ መኪና የተረፈ ጉልበተኛ ሞተር ገጠሙላት፤ የድሮው ከቁርጥራጭ ብረት ጋር ተጭኖ ሄዶ ተጨፈለቀ። መቀመጫዋን አዲስ ቆዳ አለበሷት። ማንም ከኪሱ ያወጣውን አልተናገረም። እኔ ሳንድዊች ይዤ እመላለስ ነበር። ሲስቁና ሲሰዳደቡ እያየሁ ደስ ይለኝ ነበር፤ እንዲያ ተደስተው አይቻቸው አላውቅም።

የተከራከሩት በአንድ ነገር ብቻ ነው፣ በጽሑፉ። ዋልዶ የሚባለው ሽማግሌ በሮቹን ተዉአቸው አለ።

ጌለን ብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጠ። «ሰውየው መኪና በገባና በወጣ ቁጥር ‹ልጅ› የሚል ቃል እንዲያነብ ነው የምትፈልገው? ለምን ይመስልሃል ሸራ አልብሷት የኖረው?»

ዋልዶ ወደ ሞተሩ ተመለሰ። በሮቹን ጌለን ብቻውን ፋቃቸው። ማሽን አልተጠቀመም፣ በእጁ ነበር፣ ቀስ እያለ። ሲጨርስ ወደ ጓሮ ወጥቶ ብዙ ቆየ። በማግስቱ ቀይ ቀለም ነፉባት፣ እንደ እሳት አደጋ መኪና የሚያበራ ቀይ።

ኤልዊን በግንቦት ወደ ቤቱ ሲመለስ ምእመኑ በሙሉ ግቢው ውስጥ ጠበቀው። መኪናዋ በአዲስ ሸራ ተሸፍና መካከል ላይ ቆማለች። እሱ ከዋልዶ መኪና ወርዶ ምርኩዙን ተደግፎ ሳይጠይቅ ቆመ። ጌለን ሸራውን ሳበው።

እኔ ከኤልዊን ጎን ነበርኩ። ፊቱ ላይ ደም አልቀረም። የሚወድቅ መስሎኝ ልይዘው ተጠጋሁ። ቀስ ብሎ ተራመደና መዳፉን በሩ ላይ አሳረፈ፣ ጽሑፉ በነበረበት ቦታ። ኮፈኑን ከፈቱለት፤ አየ። መቀመጫውን አሳዩት፤ አየ። ከዚያ ባርኔጣውን አውልቆ ወንዶቹን በተራ፣ አንድ በአንድ፣ እየጨበጠ «አመሰግናለሁ» አላቸው። ዕንባው ወርዶ ነበር። ወንዶቹም ወዲያ ወዲያ ተመለከቱ። ሁሉም ደስታ መሰላቸው፤ እኔም መስሎኝ ነበር።

ሃስኬል የመጣው ከጥቂት ቀን በኋላ ነው። እኔ ለኤልዊን ቢሮክ ጋግሬ፣ ያው ጎመንና ሥጋ የታጨቀበት ዳቦ፣ ይዤለት ሄጄ ደጃፉ ላይ ተቀምጠን ነበር። ተሳቢ የሚጎትት ትልቅ መኪና ግቢው ገባ። አንድ ጥሩ ልብስ የለበሰ ሰው ወረደና ሰላም ሳይል ቀዩዋን ፒክአፕ እያየ ቆመ።

«ይህቺ ሌላ ናት አይደል?» አለ። «አረንጓዴዋ መጋዘን ውስጥ ናት።»

«አይደለም» አለ ኤልዊን። «እሷው ናት።»

ሰውዬው ዞራት። ማግኔቱን አውጥቶ በሩ ላይ አስጠጋ፤ ማግኔቱ ሳይዝ መሬት ወደቀ። ኮፈኑን ከፍቶ ዘጋው።

«የራሷ ሞተርስ?»

«ተጨፍልቋል።»

ሃስኬል ተሳቢው ጫፍ ላይ ቁጭ አለ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን ነው። «ማነው ይህን ያደረገብህ?» ብሎ ጠየቀ።

«ጓደኞቼ ናቸው።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ሁሉ የገባኝ። ሰውዬው የመጀመሪያውን ዋጋ ጠራ፤ አሁን ግን ከሃያ ሺህ በላይ ሊሰጥ እንደማይችል፣ እሱንም ለኤልዊን ብሎ እንጂ መኪናዋን ለራሱ እንደማይፈልጋት ተናገረ። ኤልዊን አመስግኖ አይሆንም አለው። ሃስኬል ባዶ ተሳቢውን እየጎተተ ሄደ። ገንዘቡ ለምን እንደነበር ስጠይቀው ኤልዊን ለአርዲስ ቤት ክፍያ መሆኑንና ሌላ ምንም እንዳልቀረው ነገረኝ። እኔ ደሜ ፈላ።

«ምን ሆነህ ነው? ሽጣት እንጂ!»

«ሰው ጸደዩን ሙሉ ለፍቶ የሰጠኝን ነገር በሳምንቱ ልሽጠው?»

«ለአርዲስ ነው።»

«ሃያ ሺህ የአራት ወር ክፍያ ነው፣ ኖርሊን። ከዚያስ?»

«ከዚያ ለጌለን እነግረዋለሁ። ሰዉ ያዋጣል። እንዲህ ዓይነት ነገር እንደሆነ ቢያውቁ ቤታቸውን ሸጠውም ቢሆን…»

«እሱን ነው የማልፈልገው።» ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ሰማሁት። ከዚያ ዝቅ አደረገው። «ጌለን ልጄን ከዚያ ጎተራ አቅፎ አወጣልኝ። በሩን ደግሞ በእጁ ፋቀው፣ ዋልዶ ነግሮኛል። ምን እንዳደረገ ቢያውቅ ምን እንደሚሆን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያለሽ። ቃል ግቢልኝ።»

አውቃለሁ። ያን እንቅልፍ የሌለበትን ዓመት ከጎኑ ተኝቼ ያሳለፍኩት እኔ ነኝ። ቃል ገባሁለት። ዛሬ ሁለቱም ስለሌሉ ነው የምናገረው፤ ያኔ ግን ቃሌን ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት። እውነቱን ለመናገር ተናድጄበት ነበር። የጌለንን ልብ አድኖ የአርዲስን አፍ ዘጋው እያልኩ ስበሳጭ እከርማለሁ። ተነስቼ ደግሞ ምን ማድረግ ይችል ነበር እላለሁ።

የስንዴ አጨዳ ሳያልቅ አርዲስን ወደ ምሥራቅ ወሰዷት። ኤልዊን ለሰው የተናገረው እዚያ ለሕመሟ የተሻሉ ሐኪሞች አሉ ብሎ ነው። ሰውም አምኖ ጥሩ አደረግህ አለው። በዚያ ዳሌ አምስት ሰዓት መንዳት ተከልክሎ ስለነበር ሰው ወደዚያ ሲሄድ ተለጥፎ ይሄድ ጀመር፣ በሳምንት አንዴ፣ ሳይሆን ሲቀር በሁለት ሳምንት። እኔም ወስጄው አውቃለሁ። የዚያ ቤት ነርሶች ደጎች ነበሩ፣ ግን ጥቂት ነበሩ፤ አንድ ማንኪያ ለማጉረስ ግማሽ ሰዓት የሚቀመጥ ሰው አልነበራቸውም። የሄድን ዕለት ገና ስታየው አፏን ከፈተች። ሳህኑን ጨርሳ ሌላ ጠየቀች። ስንወጣ ነርሷ ከሳምንት ሳምንት እንዲህ በልታ እንደማታውቅ ነገረችን።

እሁድ እሁድ ግን ቀዩዋን ፒክአፕ እየነዳ ቤተ ክርስቲያን ይመጣል፤ ሁሉም የሚያያት ቦታ ላይ ያቆማታል። ወንዶቹ ከጸሎት በኋላ ይከቧታል፤ ኮፈኑን አስከፍተው ሞተሯን ያስነሳሉ፣ ድምጿን ያዳምጣሉ። የነጻነት ቀን በዓል ዕለት የሰልፉ መሪ አደረጉት። በዋናው ጎዳና ላይ በቀስታ እየነዳ ለሕፃናቱ እጁን ያወዛውዝ ነበር። ጌለን አጠገቤ ቆሞ «ተመልከችው፣ ሃያ ዓመት ወደ ኋላ መለስነው» አለኝ። እኔ ለኤልዊን እጄን አወዛወዝኩለት።

አርዲስ ስንዴ ከመዘራቱ በፊት ሞተች። ወረቀቱ ላይ እርጅና ተብሎ ተጻፈ። አስከሬኗን ስናለብስ ልብሷ ውስጥ ልጅ የምታህል ሆና ነበር።

ከቀብሩ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ምሳ አቀረብን፣ የተለመደውን፣ የአሳማ ሥጋ፣ ድንችና ጄሎ የሚሉት ጣፋጭ። ኤልዊን ሳህኑን አልነካም። ጌለን ወንበር ስቦ ከጎኑ ተቀመጠ። እኔ ጠረጴዛውን እየጠረግሁ ከበላያቸው ቆሜ ነበር። ጌለን መናገር የሚወድ ሰው አልነበረም፣ ያን ዕለት ግን እየታገለ ተናገረ።

«ኤልዊን፣ አንዳንዴ ሰው ምን እንደሚያስፈልገው አናውቅም። በአርዲስ ጉዳይ ልናግዝህ የምንችለው ነገር ኖሮ ሳናየው አልፈን ከሆነ ንገረኝ። ዛሬም ቢሆን ምን ላድርግልህ?»

ኤልዊን ቀና ብሎ መጀመሪያ እኔን አየኝ። ቃሌን እያስታወሰኝ ነበር። ከዚያ እጁን በጌለን ክንድ ላይ አኖረ።

«ምንም የቀረ ነገር የለም፣ ጌለን» አለው። «አንተ ለእኔ ሁሉንም አድርገህልኛል።»

ወደ ቤት ስንመለስ ጌለን ይነዳ ነበር። መንገድ ላይ መኪናችንን ዳር አስይዞ አቆመና በክንዱ ዓይኑን ጠረገ።

«ሰምተሽዋል?» አለኝ። «ሁሉንም አድርገህልኛል ነው ያለኝ።»

«ሰምቼዋለሁ» አልኩት።